የታሱዓ ቀን መንገድ፦ ከውቅሮ እስከ ነጋሽ



ከውቅሮ ከተማ እስከ ነጋሽ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርቱ ሰው በደህና ቀን በሦስት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። እኛ ግን በ1446 ዓመተ ሂጅራ ሙሐረም 9፣ በታሱዓ ቀን፣ ከማለዳ እስከ መግሪብ መዳረሻ ፈጀብን። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ የሐምሌ ሰማይና አብረውን የወጡት እናቶችና አባቶች።

የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር፣ ዓሹራ ሁሉንም ወቅት ለማዳረስ ወደ 33 ዓመት ይፈጅበታል። አባቶቻችን በዚሁ መንገድ አንዴ በበጋ አቧራ፣ አንዴ በክረምት ጭቃ የሄዱት ለዚህ ነው። ለእኛ የደረሰን ክረምቱ ነው።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ፀሐዩ ገና በማለዳ አናት ይበሳል፤ አብዛኞቻችን ጾመኞች ነን። በመንገዱ ዳር በለስ የሚሸጡ ልጆች እየላጡ ሲያቀርቡልን አመስግነን አለፍን። ዳገቱ ሲጀምር ወጣቶቹ ፈጠኑ፤ አዛውንቶቹ ወደኋላ ቀሩ፤ ጀማዓው ለሁለት ተቆረጠ። ይሄኔ ኢማማችን ሁሉንም አስቆሙ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ከኋላ እየቀሩ ደካማውን ያበረታቱ፣ ከኋላቸው ያፈናጥጡና ዱዓ ያደርጉለት እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ.) ያወሩትን ነገሩን። ከዚያ በኋላ ከሁሉም ቀስ ብለው የሚራመዱት እናት ከፊት ሆኑ፤ ወጣቶቹ ደግሞ ጓዝ ተሸክመው ከኋላ።

ዙህር ሲቃረብ ነፋሱ ተቀየረ። ጥቁር ደመና ከተራራው ወረደና ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ መጣ። ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት አንድ ሽማግሌ ብቅ ብለው «እተዉ! እተዉ!» አሉን፤ ግቡ ማለታቸው ነው። በአንገታቸው ማዕተብ አለ። ከየት እንደመጣን እንኳ የጠየቁን ሁላችንም ጣሪያ ስር ከገባን በኋላ ነው። ባለቤታቸው ጀበናውን ጥደው ነበር፤ መጾማችንን ሲሰሙ የቡናው ሽታ እንዳያስቸግረን ብለው አነሱት። ለዉዱእ የሚሆን ውሃ በጀሪካን አቀረቡልን።

አንድ ወጣት «ዝናብ ነውና ዙህርና ዐስርን ለምን አናጣምርም?» ሲል ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በተማርነው የሻፊዒይ መዝሀብ በዝናብ ማጣመር የተፈቀደው፣ ወደ መስጂድ መመላለስ ለሚከብደው ጀማዓ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ደግሞ ሶላት የሚያሳጥር ሰፈር አይደለም፤ ለዚያ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ዙህርን በወቅቱ፣ አራት ረከዓ፣ በዚያው በረንዳ ሰገድን። ሽማግሌው እስክንጨርስ የበረንዳውን ጥግ ለቀውልን ዳር ቆመው ጠበቁን።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ተመልሳ ወጣች፤ ጭቃው ግን ጫማ ይይዛል። አዛውንቶቹን በክንዳቸው እየደገፍን፣ ዐስርን መንገድ ላይ ሰግደን፣ ቀኑ ሊመሽ ሲል ነጋሽ ደረስን። በ2013ቱ ጦርነት ጉዳት የደረሰበትን ጥንታዊ መስጂድ በዓይናችን አየነው። ለሟቾቹ ዱዓ አደረግን፤ ዚያራ ማለት ለእነርሱ መለመንና ከታሪካቸው መማር ነውና።

ውድ ወጣቶች ሆይ! እ.ኤ.አ. በ615 ሰሓቦች ከመካ በደል ሸሽተው ሲመጡ ንጉሥ አስሐማ አስጠጓቸው። ቁረይሾች ስጦታ ይዘው «መልሱልን» ሲሉም ስጦታውን መልሰው እንግዶቹን አቆዩ። እኛ ይህን ታሪክ በኩራት እናወራለን፤ ፎቶውን እንለጥፋለን፤ «የነጃሺ ልጆች ነን» እንላለን። ኩራቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን እንግዳ መቀበል እንደ ርስት አይወረስም፤ እያንዳንዱ ትውልድ በራሱ በር ላይ ይፈተንበታል። በዚያ ዝናብ ቀን ፈተናውን ያለፉት እኒያ ክርስቲያን ባልና ሚስት ናቸው፤ እኛ እንግዶች ነበርን።

ዛሬ በየከተማችን በጦርነት የተፈናቀሉ፣ የቤት ኪራይ ያቃታቸው፣ ልጅ አዝለው መስጂድ ደጃፍ የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። ሃይማኖታቸውንና ብሔራቸውን ከመጠየቃችን በፊት «ግቡ» እንበላቸው። በየሰፈራችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ቤተሰብ ያዙ፤ የወር አስቤዛ ይሁን፣ የልጆች ደብተር ይሁን፣ ከቻላችሁት ጀምሩ።

አላህ በራችንን ለተቸገረ የሚከፈት ያድርግልን። አሚን።