ባቄላና ሽምብራ በሁለት ሳህን

የቢሮውን ሥራ ከቤት ጣጣ ጋር አዳብላችሁ ስትሮጡ ውላችሁ፣ ልጆች ሲተኙ ይህን ገጽ የምትገልጡ እናቶች ሆይ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፈተና ነው። ተፈታኟ ደግሞ ታናሽ እኅቴ ናት።

እኅቴ የምትኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ነው። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን ስትንከባከብ ታድራለች። ጠበቃ መሆን የልጅነት ምኞቷ ነበር። በዚያ አገር የሕግ ትምህርት የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሲሆን፣ ለመግባት ብዙዎች የሚቀመጡት ኤልሳት ለሚባለው ፈተና ነው። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ይቆጠራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ አንዱ የፈተናው ክፍል እንቆቅልሽ ብቻ ነበር፤ አራት እንቆቅልሽ በ35 ደቂቃ። ለአንዱ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ሽሮ ገንፍሎ እስኪረጋ መሆኑ ነው!

እኅቴን የጣላት ሰዎችን በምድብ በምድብ አከፋፍሉ የሚለው ዓይነት ነው። ውጤቷ ዝቅ ብሎ ስትደውልልኝ ምን ብላት ጥሩ ነው? «ተይው እኅት ዓለም፣ አሁን ተራው የልጆችሽ ነው» አልኳት። እንዲህ ያልኳት እኔ፣ ስለ ሴቶች መማር ስንት ጊዜ የጻፍኩት እኔ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኳ ጠፋ።

በሦስተኛው ሳምንት ራሴ ደወልኩ። እሷ ከሌሊት ሥራ የምትወጣበት የጧት ሰዓት እኛ ዘንድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። «እስቲ የዚያን እንቆቅልሽ ጠባይ ንገሪኝ» አልኳት። እየነገረችኝ ወደ ማድ ቤት ገባሁና ሁለት ሳህን አቀረብኩ።

ነገሩን በእኛ ቤት ልማድ ላድርግላችሁ። ለድግስ ስድስት ሴቶች መጥተዋል። ሦስቱ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ሦስቱ ወጥ ይሠራሉ። አልማዝና በላይነሽ ተኳርፈዋል፤ አንድ ላይ አይመደቡም። እታገኝና ፋናዬ ደግሞ አይለያዩም። ስለ ጸሐይና ስለ ደስታ የተባለ ነገር የለም። ጸሐይ ከማን ጋር ትውላለች?

ለኩርፈኞቹ ሁለት ፍሬ በቆሎ፣ ለማይለያዩት ሁለት ሽምብራ፣ ለቀሩት ሁለት ባቄላ ያዝኩ። በቆሎው ለየሳህኑ አንድ አንድ ገባ። ሽምብራዎቹ ተያይዘው አንዱ ሳህን ውስጥ ሲገቡ ያ ሳህን ሦስት ሞላ። እንግዲህ ባቄላዎቹ ወዴት ይሂዱ? ሁለቱም ወደ ሌላው ሳህን! ጸሐይና ደስታ ሁልጊዜ አብረው ናቸው፤ ማንም ግን ስለ እነሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። እኅቴ ስትስቅ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰማኋት። «እታለም፣ እኔኮ ስድስቱንም በየተራ እያቀያየርኩ ነበር ጊዜዬን የምጨርሰው» አለችኝ።

ሌላም የሚያሳስታት ነበር፤ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚለውን ገልብጣ ታነበዋለች። ልጄ ትኩሳት ካለው ትምህርት ቤት አይሄድም። ቤት ውሎ ስታዩት ታሟል ትላላችሁ? እሑድ ቢሆንስ? ትምህርት ቤት ሄዷል ከተባለ ግን ትኩሳት የለውም፤ ይህኛው አያጠራጥርም። ይህን ነገር እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ነው የሚከብደው።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን እየተደዋወልን እሷ በእርሳስ፣ እኔ በባቄላ ሠራን። አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ጥሏት ስልኩ እንደ ተከፈተ ትንፋሿን እሰማ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ የተፈተነችው በሰኔ 2024 ሲሆን፣ ይህ እንቆቅልሽ ለመጨረሻ ጊዜ የቀረበበት ወር ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ከፈተናው ወጥቷል። መነሻው የዓይነ ስውራን አቤቱታ ነው፤ ሥዕል እየሣሉ የሚፈቱትን ጥያቄ ማየት የማይችል ሰው በምን ይፍታው ብለው ተከራክረው በ2019 ስምምነት ላይ ተደርሶ ነበር። ተገቢ ነው እላለሁ፤ ምንም እንኳ የእኅቴ ድካም ሁለት ወር ሲቀረው መሆኑ ቢያስቆጨኝም።

ከፈተናው ወጥታ ደወለች። «ስለ ጥያቄዎቹ ማውራት ክልክል ነው፤ ተስማምቼ ነው የገባሁት» አለችኝ። ቁርስ በልታ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኳት። አልበላችም ነበር።