ስለ አንድ ወዳጅና ስለ ደብተራቸው

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ወዳጅ የሚያፈራበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ በትውልድ፥ አንዱ በጉርብትና፥ አንዱ በትምህርት ቤት፥ አንዱም በማኅበር ጽዋ ከባልንጀራው ጋር ይተሳሰራል። ዳሩ ግን በአንድ አሮጌ አውቶሞቢል ምክንያት የተገናኙ ሰዎች እንደ ወንድማማች ሲዋደዱ፥ ከመካከላቸውም አንዱ በሞት ሲለይ እንደ ሥጋ ዘመድ ሲያለቅሱ ያየ ሰው ነገሩን እንግዳ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ «ብረት ወዳጅነትን እንዴት ይወልዳል?» ብሎም ይጠይቃል። የዚህ ጥያቄ መልስ በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአዲስ አበባ ከተማ ባረፉ በአንድ ሽማግሌ ኑሮ ውስጥ ይገኛል።

እኒህ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሹምነት ብዙ ዘመን ካገለገሉ በኋላ በጡረታ የተሰናበቱ፥ ንግግራቸው ጥቂት፥ ልብሳቸው ንጹሕ፥ የጣታቸው ጥፍር ግን ሁልጊዜ በሞተር ዘይት የጠቈረ ሰው ነበሩ። አባታቸው በ1957 ዓ.ም. የገዟትን ባለ 1200 ቮልስዋገን ወርሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይነዷት ነበር። ብዙ ጊዜ ገዢ መጥቶባት ነበር፤ እርሳቸው ግን «አባቴ የተቀመጡበትን ወንበር በምን ሚዛን መዝኜ ልሽጠው?» እያሉ ይመልሱት ነበር።

ስለዚች አውቶሞቢል ታሪክ ጥቂት መናገር ይገባል። ቮልስዋገን ማለት በጀርመን ቋንቋ የሕዝብ ሠረገላ ማለት ነው። ፈርዲናንድ ፖርሼ የተባለው መሐንዲስ በሂትለር መንግሥት ትእዛዝ ካሰናዳት በኋላ ጦርነት ስለ ተነሣ፥ ለሕዝብ የታሰበው ፋብሪካ ለጦር ሠራዊት የሚሆን ነገር ሲሠራበት ቈየ። ጦርነቱ በ1945 እ.ኤ.አ. ሲፈጸም አይቫን ሂርስት የተባለ የእንግሊዝ ሻለቃ በቦምብ የተመታውን የቮልፍስቡርግ ፋብሪካ አስጠግኖ ሥራውን እንደ ገና አስጀመረ። ከዚያም ወዲህ የመጨረሻይቱ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ከተማ እስከ ወጣች ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው በዓለም ሁሉ ተበትነዋል። ወደ ኢትዮጵያም ገብታ የመምህሩ፥ የሐኪሙ፥ የጸሐፊውና የነጋዴው መጓጓዣ ሆነች፤ ሕዝቡም ስሟን አሳጥሮ ቮልስ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዕለት ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚችው በትንሿ ቮልስ ነበር። ሽማግሌው ይህ ነገር በተነሣ ቍጥር «ይህች መኪና ንጉሡንም ተራውንም ሰው በአንድ ዓይነት ወንበር ያስቀመጠች ናት» ይሉ ነበር።

አሠራሯም ከሌሎች አውቶሞቢሎች የተለየ ነው። ሞተሯ በስተኋላ ነው፤ አራቱ ፒስቶኖች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። ሞተሩን የሚያበርደው ውሃ ሳይሆን ነፋስ ነው፤ ነፋሱን የሚያመጣውን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ብቻ ነው፤ ዲናሞውንም የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ነው። እንግዲህ ይህ ቺንጋ የተበጠሰ እንደ ሆነ በነጂው ፊት ቀይ መብራት ይበራል፤ ነጂውም ወዲያው ካላቆመ ሞተሩ በገዛ ትኵሳቱ ይቃጠላል። ዋጋው ጥቂት የሆነ የጎማ ቀበቶ የመላውን ሞተር ሕይወት ይዟል ማለት ነው።

በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ረፋድ ላይ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ዳር፥ ከአንድ ቡና ቤት ደጅ፥ የቮልስ ባለቤቶች ይሰበሰቡ ነበር። ከቅዳሴ ነጠላውን እንዳጣፋ የሚመጣ ነበረ፤ እስላምም ነበረ፤ ሐኪም፥ የታክሲ ነጂ፥ ዲያቆን፥ ነጋዴና ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ ነበር። ማንም የማንንም ደመወዝ አይጠይቅም፤ የሚጠየቀው «ቮልስህ እንዴት ሰነበተች?» የሚለው ብቻ ነው። ሽማግሌው የዚህ ጉባኤ መምህር ነበሩ። የካቻቪቴውን ጫፍ በሞተሩ ላይ፥ እጀታውን በጆሯቸው ላይ አድርገው፥ ሐኪም የበሽተኛን ደረት እንደሚሰማ ያዳምጡ ነበር። ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚግል፥ ምክንያቱም የዘይቱ ማቀዝቀዣ በነፋሱ መንገድ ላይ ስለ ቆመ መሆኑን ያስተማሩ እርሳቸው ናቸው። ቫልቮላ የሚስተካከለው ሌሊቱን አድሮ በበረደ ሞተር ላይ ብቻ እንጂ በጋለ ሞተር ላይ እንዳልሆነ፥ ተራውም አንድ፥ አራት፥ ሦስት፥ ሁለት መሆኑን ለስንቱ ወጣት ደጋግመው ነግረዋል። ለዚህ ሁሉ ድካማቸው ከቡና በቀር ዋጋ ተቀብለው አያውቁም።

በሒሳብ ሹምነታቸው ከለመዱት ነገር አንዱ መጻፍ ነበርና፥ ጠንካራ ልባስ ያለው አንድ ደብተር ነበራቸው። በዚያ ደብተር ለያንዳንዱ ቮልስ አንድ ገጽ ተሰጥቶታል፤ የባለቤቱ ስም፥ የሞተሩ ቍጥር፥ የተለወጠው ዕቃ፥ የጎደለውም ነገር ከነቀኑ ይጻፍበታል። አንዱ ካርቡራተር ቢያጣ፥ በሌላው ቤት ሥራ የፈታ ካርቡራተር መኖሩን ከዚያ አንብበው ሁለቱን ያገናኙ ነበር። ደብተሩን ግን ለማንም አያሳዩም፤ «የሰው ጕድለት የተጻፈበት ነው» ይሉ ነበር።

ከወዳጆቻቸው ሁሉ ይልቅ የሚቀርባቸው በመርካቶ ጨርቅ የሚነግድ፥ በዕድሜ የልጃቸው ያህል የሆነ ሰው ነበር። ይህ ነጋዴ ጋሼ እያለ ይጠራቸዋል፤ በዓመት በዓልም ከቤታቸው አይጠፋም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት 6 ቀን ሽማግሌው የነጋዴውን ቮልስ ቫልቮላ አስተካከሉለት። ጥቂት ቀን እንደ ቈየ ነጋዴው ከእንጦጦ ሲመለስ ሞተሩ ከመንገድ ላይ ተቃጥሎ ቆመ። በሚቀጥለው የኅዳር ጉባኤ፥ ሞተሩ ገና ሳይፈታ፥ በሰው ሁሉ ፊት «ጋሼ፥ እጅዎ ሸምግሏል፤ ከእንግዲህ የሰው ሞተር ባይነኩ ይሻላል» ብሎ ተናገራቸው። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፥ መጀመሪያ ሞተሩ ይፈታና ይታይ» አሉ፤ ከዚህም በቀር አንዲት ቃል አልጨመሩም። ነጋዴው ቡናውን ሳይጠጣ ተነሥቶ ሄደ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ሞተሩን የፈታው ሠራተኛ የተበጠሰውን ቺንጋ አምጥቶ በነጋዴው እጅ ላይ አኖረው። ያን ጊዜ ነጋዴው ሁሉን አስታወሰ። ሽማግሌው በዚያች ቅዳሜ ክዳኑን ሲዘጉ ቺንጋውን እንዲለውጥ ነግረውት ነበር፤ እርሱ ግን በገበያ ነገር ተጠምዶ ረሳ። ከእንጦጦ ሲወርድም ቀዩን መብራት አይቶት ነበር፤ ቤቴ ቅርብ ነው ብሎ ነዳ። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያውቃል። ዳሩ ግን ማወቅ ሌላ፥ መናገር ሌላ ነው። በሰው ፊት የሰደበ ሰው ይቅርታውንም በሰው ፊት ሊጠይቅ ይገባዋልና፥ ኀፍረቱ ከበደው። በዚህ ወር እሄዳለሁ፥ በሚመጣው እሄዳለሁ ሲል አንድ ዓመት አለፈ። ሽማግሌው በገናና በፋሲካ የእንኳን አደረሰህ ሰላምታ ልከውለት ነበር፤ አልመለሰም። ከጉባኤተኞቹም አንዳንዶቹ የሽማግሌው እጅ በእውነት የደከመ መስሏቸው፥ ሞተራቸውን ወደ ሌላ ሠራተኛ ይወስዱ ጀመር። ሽማግሌውም ይህን እያዩ ደብተራቸውን ዘግተው ዝም አሉ።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ በልብ ሕመም በድንገት አረፉ። በቀብራቸው ቀን ሃያ ሦስት ቮልሶች ከአስከሬኑ በስተኋላ ተሰልፈው ቀስ ብለው ተከተሉ። የሟቹ ቮልስ በመጀመሪያ ትሄድ ነበር፤ የሚነዳት ያ ዲያቆን ነበር። ነጋዴው በሰልፉ መጨረሻ ነበር። ፍትሐት ተደርሶ ሥጋቸው ዐፈር ሲቀምስ ከሁሉ ኋላ ቆሞ፥ ነጠላውን በፊቱ ላይ ጣለ።

በድንኳኑም ነገር ተነሣ። አንድ የሟች ዘመድ የአውቶሞቢሎቹን ሰልፍ ተመልክተው «ይህ ለቅሶ ነው ወይስ ሠርግ? እነዚህስ ከየት የመጡ ናቸው?» ብለው አጕረመረሙ። ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በለቅሶ ላይ ጌጥና ትዕይንት የማይገባ መሆኑን የማያውቅ የለምና። ባለቤታቸው ግን ቀና ብለው «ተዋቸው፤ እኔ አንዲት ልጅ ብቻ ወለድኩለት፤ የቀሩትን እርሱ ራሱ ነው በየመንገዱ የሰበሰባቸው» አሉ። ከዚህ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ የዕድሩም ሰዎች ለቮልስ ባለቤቶች በዘመዶቹ አጠገብ አግዳሚ አኖሩላቸው። እነርሱም እስከ ሰልስት ድረስ በየማታው መጥተው አስተዛዘኑ።

በአርባው ቀን ተዝካሩ ከተበላ በኋላ ልጅቱ ደብተሩን አምጥታ ከፊታቸው አኖረች። «አባቴ ይህን ማን ይውሰደው እንደሚሉ አልነገሩኝም፤ እናንተ ምከሩበት» አለች። ሽማግሌው በሕይወታቸው ሳሉ ያልገለጡትን ለመግለጥ ሁሉም ፈሩ። በኋላ ግን ዲያቆኑ «የሌላውን ገጽ ማንም አይመልከት፤ እያንዳንዱ የራሱን ያንብብ» ብሎ ፈረደ፤ ደብተሩም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። አንዱ እያነበበ ሳቀ፤ አንዱ አለቀሰ። የታክሲ ነጂው በገጹ ግርጌ «ለልጁ የትምህርት ቤት ገንዘብ ከፍሏልና የካንዴላው ዋጋ አይጠየቅ» የሚል አገኘ።

ተራው የነጋዴው ሆነ። ገጹን ገለጠ። በዚያም በጥሩ የሒሳብ ሹም ጽሕፈት እንዲህ ተጽፎ ነበር፤ «ጥቅምት 6 ቀን 2014። ቫልቮላ ተስተካከለ። ቺንጋው ተሰነጣጥቋል፤ ዛሬውኑ ለውጥ ብዬዋለሁ።» ከዚያ በታች ምንም አልነበረም። ስለ ስድቡ የተጻፈ የለም፤ ስለ መቃጠሉም የተጻፈ የለም። በጉባኤው ፊት ገልጠው ቢያሳዩት ስማቸውን ሊያነጻ የሚችል አንድ መስመር በእጃቸው ሳለ፥ ዓመት ሙሉ ዘግተው ይዘውት ኖረዋል።

የራስህን ብቻ አንብብ ስለ ተባለ፥ ነጋዴው ገጹን አልፎ ደብተሩን ለጎረቤቱ ቢያቀብል የሚያውቅበት አልነበረም። ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ ግን ተነሥቶ ቆመ፤ መስመሩንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉ አነበበ። ቀጥሎም «ቀዩ መብራት በርቶ ነበር፤ እኔ አይቼው ነዳሁ። ቺንጋው መበጠሱን ካወቅሁ ዓመት አልፎኛል። የሸመገለው የጋሼ እጅ አልነበረም» አለ። ወደ ባለቤታቸውም ሄዶ ከጕልበታቸው ላይ ወደቀ። እርሳቸውም አነሡትና «እርሱ አንተን በክፉ አንሥቶህ አያውቅም፤ ሞተሩ እስኪበርድለት ነው ይል ነበር» አሉት።

ይህ ቃል ነጋዴውን አጽናናው ወይስ አቈሰለው ብሎ መፍረድ አስቸጋሪ ነው። ይቅር የተባለው ሳይጠይቅ ነው፤ ለመጠየቅ ሲነሣ ግን የሚጠየቁት በመቃብር ናቸው። ሟቹ በትዕግሥታቸው የሰውን ኀፍረት ሸፈኑ፤ ነገር ግን የበረደ ሞተር በጊዜው ካልተነካ ዝገት ይበላዋል። የእርሳቸው ትዕግሥት መልካም ነበረ፤ የእርሱ መዘግየት ግን ያንን ትዕግሥት ያለ ፍሬ አስቀረው። ከጉባኤው ውስጥ ተጠራጥረው የሸሹትም ያን ቀን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀምጠው ነበር።

በመግቢያው ለተነሣው ጥያቄም መልሱ ከዚህ ላይ ይታያል። ወዳጅነቱን የወለደው ብረት አይደለም። ብረቱ ያረጃል፤ መለዋወጫውም እየጠፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው ሊነዳት አይችልም። ከአዲስ አውቶሞቢል ጋር ብቻውን የሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ አሮጌይቱ ግን ባለቤቷን በየጊዜው የሰው ደጅ ታስመታዋለች። ሽማግሌው ይህን አውቀው፥ የያንዳንዱን ጕድለት በጽሑፍ ይዘው፥ የአንዱን ትርፍ ለሌላው ጕድለት ሲያደርሱ ኖሩ። የተለቀሰላቸው ስለዚህ ነው።

ደብተሩ ለልጅቱ ተመለሰ። በጥር ወር የመጀመሪያ እሑድ ነጋዴው ማለዳ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። ቮልሷ ሌሊቱን ከግቢው አድራ በርዳ ነበር። ልጅቱ ቀጭኑን የብረት ልክ ይዛ፥ አንድ፥ አራት፥ ሦስት፥ ሁለት እያለች ቫልቮላውን አስተካከለች፤ እርሱም አጠገቧ ቆሞ አመለከታት። ሲፈጽሙ ከኪሱ አዲስ ቺንጋ አውጥቶ ከኋላ ወንበር ሥር አኖረላት። እርስዋም የአባቷን ገጽ ገልጣ ቀኑን ጻፈች፤ ከቀኑም በታች «ቺንጋ አለ» ብላ ጨመረች።

እንግዲህ በወዳጁ ላይ ክፉ ቃል የተናገረ ሰው ቢኖር፥ ቀዩ መብራት ሲበራ ቤቴ ቅርብ ነው ብሎ አይንዳ። ዛሬውኑ ይቁም፤ ሰውዬውም ገና በሕይወት ሳለ ደጁን ያንኳኳ።