ከኤትና ሥር

የሲሲሊዋ ካታኒያ ላይ አመድ ይዘንባል። ኤትና ባገሣ ማግስት ጥቁሩ አሸዋ በረንዳውን ሞልቶ፣ የተሰጣውን ልብስ አበላሽቶ ይጠብቃል። የምንከባከባቸው ሲኞራ መጥረጊያ ሳነሳ ከአልጋቸው ሆነው "ዛሬም መጣች?" ይሉኛል፣ ነገረኛ ጎረቤት እንደመጣችባቸው። ተራራዋን እንደ ሴት ነው የሚጠሯት።

እኔ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ልጅ ነኝ፤ እሳተ ገሞራውን ፈንታሌን እያየሁ ነው ያደግሁት። ቱሪስቱ የዚህችን ከተማ ካቴድራል ለውበቱ ብሎ ፎቶ ያነሳዋል። እኔን የሚገርመኝ እስካሁን መቆሙ ነው።

ካቴድራሉ የቅድስት አጋታ ነው፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኖርማኖች አሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1169፣ በቅድስቷ በዓል ዋዜማ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ በምእመናኑ ላይ ናደው። በ1669 ከኤትና የፈሰሰው የቀለጠ አለት ከተማዋ ድረስ ወረደ። ሃያ አራት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1693፣ ደቡብ ምሥራቅ ሲሲሊ እንዳለ ተናወጠ። 60 ሺህ ያህል ሰው አለቀ፤ ካታኒያም ፈረሰች።

ዛሬ የሚታየው የፊት ግንብ ከዚያ በኋላ አርክቴክቱ ጆቫኒ ባቲስታ ቫካሪኒ የሠራው ነው። ባሮክ የሚባለው የአሠራር ስልት ባዶ ግድግዳ አይወድም፤ አምድ በአምድ ላይ፣ ሐውልት በሐውልት ላይ ይደረደራል። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ይበዛብኛል። እኔ የምወደው ጀርባውን ነው፤ በኖርማኖቹ ዘመን ከጥቁር የኤትና ድንጋይ የተገነባው ግማሽ ክብ ግድግዳ የ1693ቱን ነውጥ ችሎ ቆሟል። አደባባዩ ላይ ያለው ዝሆንም፣ የመንገዱ ንጣፍም ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። የካታኒያ ሰዎች ያጠፋቸውን ጠርበው ኖሩበት።

ከሁሉ የምቀናው ግን በመንገዱ ነው። መልሶ ግንባታውን የመራው የካማስትራ መስፍን ጁሴፔ ላንዛ ጎዳናዎቹ ሰፊና ቀጥ ያሉ እንዲሆኑ፣ አደባባዮችም እንዲበዙ አደረገ፤ ምድር ስትናወጥ ሰው የሚሸሽበት እንዲያገኝ። ከካቴድራሉ ደጅ የሚነሳው ዋናው ጎዳና ፊቱን ወደ ኤትና አድርጎ ቀጥ ይላል።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲናወጥ፣ ዶፈን ተራራ ላይ ምድር ተሰንጥቆ እንፋሎት ሲወጣ፣ እናቴ ስልክ ባነሳች ቁጥር "ደጅ ነው የምናድረው ልጄ" ትለኝ ነበር። የብሎኬት ቤቷ ግድግዳ ተሰነጣጥቋል። ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን የሚሠራው የአፋር ጎጆ ግን ቢወድቅ እንኳ ሰው አይገድልም፤ እሱን የቀየሰ ሰው ከቫካሪኒ አያንስም እላለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሰመራ ነው የሚኖረው። ሰመራም ጥቁር ድንጋይ ላይ የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት፤ መንገዷ ሰፊ ነው። ሰርዶ ከእሷ ሩቅ አይደለችም፤ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት የመሬት መንቀጥቀጥ ድምጥማጧን ያጠፋት ያቺ ሰርዶ። ወንድሜ ቤት ሊሠራ መሠረት አስቆፍሯል። የካታኒያን ነገር በስልክ ዘርዝሬ ነገርኩት፤ ማዕዘኑን በደንብ እሰር፣ ጣሪያው ቀላል ይሁን፣ ከአጥሩ ራቅ በል አልኩት። ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና፣

"እሺ እታለም፣ ለመሆኑ ፌሮ ስንት እንደገባ ሰምተሻል?" አለኝ።