ካዛንቺስን በእግር፣ ከልጅዎ ጋር

ለእሑድ የሚሆን መዝናኛ ሲታሰብ ብዙዎቻችን ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ይታየናል። እኛ ግን ዛሬ ቅርብ ቦታ እንጠቁምዎት፤ ከመስቀል አደባባይ እስከ ካዛንቺስ። ስልኩ ላይ ያቀረቀረውን ታዳጊ ልጅዎን ይዘው ይምጡ፤ ስልኩንም ቤት ተወው አይበሉት።

በማለዳ ከአደባባዩ ደረጃዎች ይጀምሩ። ሯጮቹ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ፣ አንዳንዱ ወጣት ስልኩን አቁሞ ራሱን ሲቀርጽ ያያሉ። ከዚያ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ ሲወጡ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ያገኛሉ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚህ ነው። በውስጡ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል።

ቀጥሎ ካዛንቺስ ነው። ስሙ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣ ሲሆን፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች የተወረሰ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ የቀድሞው ሰፈር አብዛኛው ፈርሶ፣ ብዙ ነዋሪዎች ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ዛሬ የሚያዩት ሰፋፊ መንገድና የእግረኛ መተላለፊያ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉና አንድ ነገር ያስቡ። የሰፈር ልጅ ማለት ከደጅ ቆሞ «ና ውጣ!» ብሎ የሚጣራ ጓደኛ ነበር። ከጓደኞቹ ለተለያየ ታዳጊ ዛሬ ያ ደጃፍ የቴሌግራም ግሩፕ ሆኗል። ስልኩን መንጠቅ የቀረውን ደጃፍ መዝጋት ሊሆንበት ይችላል።

ይሁንና ልዩነት አለ። የደጃፍ ጨዋታ ሲመሽ እናት ተጣርታ ታስገባለች፤ ቲክቶክን ግን የሚጣራበት የለም፤ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ኃላፊ ባወጡት ማሳሰቢያ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች እንደ ድብርትና ጭንቀት ላሉ የአእምሮ ጤና ችግሮች ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ እንደሚሆን ተጠቅሷል። አውስትራሊያም ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አካውንት እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች።

በቤትዎ የሚጣሩት እርስዎ ነዎት። ማታ የሁሉም ስልክ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሳሎን ይደር። አካውንቱ የልጅዎን ትክክለኛ ዕድሜ መያዙን ያረጋግጡ፤ ቲክቶክ ከ18 ዓመት በታች ላሉት የ60 ደቂቃ የቀን ገደብ አስቀድሞ ያስቀምጣል። ልጁ ገደቡን አልፎ መቀጠል ስለሚችል ግን ብቻውን አይበቃም።

ከጉዞው በኋላ ቡናዎን እየጠጡ፣ «ከሰፈር ወይም ከትምህርት ቤት የራቀብህ ጓደኛ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ስም ከጠራልዎት የሚቀጥለው እሑድ ጉዞ ወደዚያ ልጅ ቤት ይሁን። ገላን ጉራም ቢሆን ሩቅ አይደለም።