ቆዪ ያልኳት ልጅ

አስኮና ጫማ ተለያይተው አያውቁም። ጥቁር ዓባይ ጫማ ፋብሪካን አገር ያውቀዋል፤ በየውስጥ ለውስጡ ደግሞ ታፔላ የሌለው የጫማ መሥሪያ ሞልቷል።

የጎረቤቴ ልጅ ከእነዚህ በአንዱ ሦስት ዓመት ሶል ስታጣብቅ ኖራ፣ እርግዝናዋ መታየት ሲጀምር «ኮንትራትሽ አልቋል» ተባለች። ኮንትራት የሚባል ነገር ፈርማ አታውቅም! «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» ብትለኝ፣ እኔም እንደ ትልቅ ሰው «ልጄ፣ ከአሠሪ ጋር አትካሰሺ። ቆዪ፣ ውለጂና ሌላ ትፈልጊያለሽ» አልኳት። ለካስ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ መክሰስ ያለበት በተሰናበተ በሦስት ወር ውስጥ ነው። በእኔ ምክር ሁለቱ ወር አለቀ።

ያተረፋት ሌላው ጎረቤታችን ነው፤ የአንድ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር። ነፍሰ ጡር ማሰናበት ክልክል መሆኑን በቃሉ ይወጣዋል። ግን የእሷ መሥሪያ ቤት ማኅበር የለውም፤ እሱም ጠበቃ አይደለም። ስለዚህ ለሴቶች በነፃ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጥ ድርጅት ይዟት ሄደ። ባለሙያዋ ክሱን በአንድ ቀን ጻፈችው። የቸገራት ምስክር ነው። እንጀራውን ይዞ ለማያውቃት ጠበቃ ማን ይመሰክራል? እሱ ነው ማታ ማታ ቡና ላይ እየተቀመጠ ሁለት የሥራ ጓደኞቿን ያሳመነው።

እንዲህ መተጋገዝ ለአሥር ዓመት ያህል ከባድ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንኳ የባንክ ሂሳቡ ታግዶበት አብዛኛውን ሠራተኛውን ቀንሷል። አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን አሳደገው። ደግ! ግን ፈቃዱ የሚደርሳት ሥራዋ ላይ ላለች ነው።

ልጅቱ የፍርዱን ዕለት አራስ ነበረች። ተፈረደላት፣ ተመለሰች። ከመሰከሩላት አንዷ ግን ወዲያው ወደ ማስቲሽ ክፍል ተዛወረች፤ ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ሊቀ መንበሩ አሁን «ማኅበር አቋቁሙ» እያለ ይወተውታቸዋል። ሕጉ የሚጠይቀው አሥር ሰው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጅቱ ወረቀቱን አምጥታ አሳየችኝ። ሰባት ስም አለበት።

በዚህኛው ምክር አልሰጠኋትም።