ድልድዩ ላይ አትቁሙ

ሰባታሚት ማለት ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ወጣ ሲሉ የምትገኝ፥ ከተማ ነኝ ብትል ገጠሩ የሚስቅባት፥ ገጠር ነኝ ብትል ከተማው የማይለቃት ሰፈር ናት። እኛ አራት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን የኖርነው እዚያ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ (መቼም መጥፋቱ አይቀር) ሻማ እናበራና ወሬ እንጀምራለን። ወሬያችን ደግሞ ምን እንደ ነካው እንጃ፥ ሁልጊዜ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚሄደው። በ2015 ዓ.ም. በጥር ሰሞን ሕንድ አገር ደርሶ ነበር።

ነገሩ አያስገርምም። የልጅነታችን እኩሌታ ያለቀው በሕንድ ፊልም ነው። ቋንቋውን ሳናውቅ አልቅሰንበታል። ታዲያ ከመካከላችን አንዱ ከቤተ መጻሕፍት ስለ ሕንድ ታሪካዊ ሕንጻዎች የሚናገር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተውሶ መጣና፥ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋችን ላይ ተቀምጠን ያንን ሰፊ አገር ዞርነው። አግራ ገባን። ንጉሡ ሻህ ጃሃን ሚስቱ ሙምታዝ ማሃል በ1631 (ዓመቱን እንደ ፈረንጆች እየቆጠርን ነው) በወሊድ ስትሞትበት፥ በማግሥቱ ዓመት ታጅ ማሃልን ማሠራት እንደ ጀመረ አነበብን። ከዚያ ወደ ራጃስታን ወረድን። ኡዳይፑር በምትባለው ከተማ፥ ፒቾላ በሚሉት ሐይቅ መካከል፥ በ1746 የተጠናቀቀ ነጭ ቤተ መንግሥት አለ፤ ዛሬ ሆቴል ሆኗል። ሥዕሉን በሻማ አየነው። ቤቱ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል።

«ጣና ላይ እንዲህ ያለ ቢኖረን!» አለ አንዱ።

«ደሴቱስ ሞልቶናል፤ የጠፋው ንጉሥ ነው» አለ ሌላው።

«ንጉሥም አልጠፋም፤ አፄ ፋሲል ራሱ ዳጋ እስጢፋኖስ ተኝቶልሃል» ሲል ሦስተኛው መለሰና ወሬው ቆመ። እውነቱን ነው። የፋሲል አፅም ከሌሎች ነገሥታት አፅም ጋር ጣና ውስጥ፥ በዳጋ ደሴት ገዳም ነው ያለው። ሻህ ጃሃን ለሚስቱ መቃብር ስንት ሺሕ ሰው አሠማራ፤ የእኛው ንጉሥ ግን በመነኮሳት እጅ ዕቃ ቤት ውስጥ አርፏል። ከአራታችን ዳጋን ያየ አንድ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከሕንድ የመጡ አንድ መምህራችንን ተከታትለን ያዝናቸው። «መምህር፥ ታጅ ማሃል እንዴት ነው? ሲያዩት ምን ተሰማዎት?» ብለን ጠየቅናቸው። ሳቁብን። እሳቸው የደቡብ ሰው ናቸው፤ ከኬረላ። ከዚያ እስከ አግራ በባቡር ሁለት ቀን ያህል ያስኬዳል፤ ደግሞም ገንዘብ ይፈልጋል። ታጅ ማሃልን በዓይናቸው አላዩም። «ጎንደርን ግን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። የሀገሬ ሰው ሥራ ነው ሲሉኝ ጊዜ አላስችል ብሎኝ ሄድኩ» አሉን። ቀጥለውም ወደ እኛ ዞረው፥ «እናንተስ?» አሉ።

እኛማ! አንዱ በልጅነቱ ከቤተሰብ ጋር ለጥምቀት ሄዶ ግንቡን ከውጭ አይቷል። የቀረነው ዜሮ ነን። ኀፍረቱን ምን አለፋችሁ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን መለስንና ሌላ ተዋስን። መምህሩ ያሉት ውሸት አልነበረም። ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ የሚባል የየመን መልእክተኛ በ1648 ጎንደር መጥቶ የፋሲልን ቤተ መንግሥት አይቶ ነበር፤ ግንበኛው ሕንዳዊ መሆኑንም ጽፏል። ሌላም ነገር አገኘን። ፋሲል የነገሠው በ1632 ነው። ይህ ደግሞ ታጅ ማሃል የተጀመረበት ዓመት ነው። ባለሙያ በየሀገሩ እየዞረ እንጀራውን በሚበላበት በዚያ ዘመን፥ አንዱ ግንበኛ አግራ ድንጋይ ሲጠርብ አንዱ ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ መጣ ማለት ነው። ስለ ኖራም ቢሆን በዚያው ዘመን ሀገራችን ውስጥ የነበረው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ፥ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ በ1621 ገደማ ለይቶ ያወቀው ከሕንድ የመጣ ሰው ነው ይላል።

እንግዲህ የሩቁን ትተን የቅርቡን እንይ አልን። ዕቅዳችን ሦስት ነበር፤ ቤዛዊት፥ የጢስ ዓባዩ አላታ ድልድይ፥ በመጨረሻም ጎንደር።

በቤዛዊት ጀመርን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዘመናቸው ማብቂያ ገደማ ያሠሩት ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ላባችን ጠብ እያለ ወጣን። በሩ ዝግ ነው። ጠባቂው ሽማግሌ በደግ ቃል፥ «ልጆች፥ ወደዚያ ማዶ እያችሁ ተመለሱ፤ ወደዚህ መግባትም ፎቶ ማንሳትም የለም» አሉን። ወደዚያ ማዶ ስናይ ዓባይ ከጣና ወጥቶ በደንገሉ መካከል ሲጠማዘዝ፥ ከተማው በዛፍ ተሸፍኖ፥ ሐይቁ ከሰማይ ጋር ተጋጥሞ ታየን። ንጉሡ ቦታውን ሲመርጡ ዓይናቸው አልተሳሳተም። ቤቱን ግን አጥሩን ብቻ አይተን ወረድን። ስንወርድ አንዱ፥ «ኡዳይፑር ቢሆን ገንዘብ ያለው ይገባ ነበር» አለ። «ገንዘቡስ የት አለህ?» አልነው። ሁለቱም አገር ለእኛ ያው ዝግ ነው።

ለአላታ ቅዳሜ ተነሣን። ከሰባታሚት እስከ ሚኒባሱ ያደረሰን ባጃጅ ነው፤ እሱም የሕንድ ሥራ ነው እየተባባልን ሳቅን። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ከመንደሩ በእግር ቁልቁል ወርደን ድልድዩ ጋ ደረስን።

መጀመሪያ ስናየው፥ እውነት እንናገር፥ ቅር አለን። የታጅ ማሃል ሥዕል ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይናችን ውስጥ ከርሞ፥ ይኸኛው የጠቆረ ድንጋይ ነው። ጉልላት የለው፥ እብነ በረድ የለው። ዓባይ በጠባቡ ገደል ውስጥ እየጮኸ ያልፋል፤ ድንጋዩ ቅስት ሠርቶ ከላዩ ተጋድሟል። ይኸው ነው። በ1626፥ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን መሠራቱን አንብበናል፤ ድንጋይ ጠራቢዎቹም ከሕንድ የመጡ ናቸው ይባላል። ሕዝቡ ግን የፖርቱጋል ድልድይ እያለ ነው የሚጠራው።

ያም ሆነ ይህ ፎቶ መነሣት አይቀርምና መሐል ድልድዩ ላይ ተደረደርን። አንዴ ቆመን፥ አንዴ ተቀምጠን፥ አንዴ እጃችንን ዘርግተን። ከዚያ ከመካከላችን አንዱ የክፍላችንን ቁልፍ አወጣና ከዳር ድንጋዩ ላይ፥ ኖራው ውስጥ፥ ስሙን መጫር ጀመረ። ማን እንደ ሆነ አንናገርም፤ «የእኔንም ጨምርበት» ያልን ስለ ነበርን ጥፋቱ የአራታችን ነው።

«ኧረ እለፉ ልጆቼ! ምን ይገትራችኋል? ድልድዩ ላይ አትቁሙ፤ መንገድ ነው!»

ዞር ስንል ጌሾ የተሸከሙ አንዲት እናት ናቸው። ከኋላቸው ሁለት የተጫኑ አህዮች፥ ከአህዮቹ ኋላ አንድ ሽማግሌ፥ ከሽማግሌው ኋላ ዶሮ የታቀፈ ልጅ። ገበያ ነው የሚሄዱት። ለካ እኛ እጃችንን ስንዘረጋ ያ ሁሉ ሰው ሸክሙን ይዞ ቆሞ ይጠብቀናል። «እናታችን፥ ይቅርታ» ብለን ከጥግ ተጣበቅን። እሳቸውም «ይሁን» ብለው አለፉ።

ሽማግሌው ግን ቁልፉን አይተው ኖሮ ቆሙ። የተጫረውን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና፥ «ይኸ ምንድነው ልጄ?» አሉት ጓደኛችንን። እሱም አንገቱን ደፍቶ፥ «ስሜ ነው አባባ» አለ። ሽማግሌው አልተቆጡም። «የሠራው ሰውዬ እንኳ ስሙን አልጻፈበትም» አሉና አህዮቻቸውን ነድተው ሄዱ።

ምን ይባላል? ቁልፉ ወደ ኪስ ገባ። ከዚያ ወዲያ ፎቶም አላነሣን። ዳር ላይ ተቀምጠን የሚያልፈውን ሰው ስንቆጥር ዋልን። ከሠላሳ በላይ ደርሰን ቆጠራው ተምታታብን። በዚያን ሰዓት ነው የገባን፤ ይህ ድልድይ ከተሠራ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፥ ግን እስካሁን ከሥራው አልወጣም። ቤዛዊት ሰው አይገባበትም፤ ፋሲል ግንብ ውስጥ ንጉሥ የለም፤ አላታ ላይ ግን ዛሬም ጌሾ ያልፋል።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ የሞጣ ልጅ አገኘንና ስለ ሰባራ ድልድይ አወጋን። እሱም ዓባይ ላይ፥ ከአላታ በታች ያለ የጥንት ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ወዲህና ወዲያ ያለው ሕዝብ ሲገናኝ የኖረው በገመድ እየተጎተተ ነው። ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ ከታቹ ዓባይ እየጮኸ! ግንብ ሲፈርስ የሚያዝነው ጎብኚ ነው፤ ድልድይ ሲፈርስ ግን የሚጎዳው ገበያ የሚሄደው፥ ዘመድ የሚጠይቀው ነው። በኖራው ላይ ቁልፍ ስናሳርፍ ይህን አላሰብነውም።

ደግሞ ኖራ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የጎንደርን ግንቦች ጣሊያኖች በ1930ዎቹ በሲሚንቶ ጠግነዋቸው፥ ሲሚንቶው ለጥንቱ ድንጋይ አልስማማ ብሎ ኋላ በጥገና እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። ያ ስሙን ያልጻፈ ሰው ምን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ጎንደርስ? አልሄድንም። ለክረምቱ ቀጠሮ ይዘን ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግን ክልላችን ጦርነት ውስጥ ገባና፥ ለሽርሽር ብሎ መንገድ መውጣት ቀረ። መምህሩም ውላቸውን ጨርሰው ወደ ኬረላ ተመለሱ። ሲሰናበቱን፥ «መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂዱ፤ እኔም ለታጅ ማሃል ቃል ገብቻለሁ» አሉን። እሳቸው ሄደው እንደ ሆነ አላወቅንም። የእኛ ግን አሁንም ዕዳ ሆኖ አለ።

ከዚያ ቀን የቀረን አንድ ፎቶ ነው። ሰባታሚት ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። መጀመሪያ ስናየው የታየን የራሳችን ፊት ብቻ ነበር፤ አራት ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ይስቃሉ። ከሳምንት በኋላ ነው አንዱ ጠጋ ብሎ ያስተዋለው። ከኋላችን፥ ከድልድዩ ጫፍ ላይ፥ ጌሾ የተሸከሙት እናት ቆመዋል። ገና አልተናገሩንም። ሸክማቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፥ እስክንጨርስ እየጠበቁን ነው።