እንጉዳይ የበቀለበት መኝታ ቤት

ከቃሊቲ ተነስቶ በቱሉ ዲምቱ በኩል ኮዬ ፈጬ የሚገባን ሰው በበጋ ወራት ቀድሞ የሚቀበለው ነፋሱ ነው። አካባቢው ገላጣ ነው። ትናንት ማሳ በነበረው መሬት ላይ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ በመካከላቸው የሚነፍሰው ደረቅ አየር አቧራውን እያነሳ በረንዳ ላይ የተሰጣውን ልብስ ያርገበግባል። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ባልትና፣ ፀጉር ቤትና ጁስ ቤት ሆኗል። ከዋናው መንገድ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ ደግሞ የገበሬ ጭቃ ቤቶች፣ የጭድ ክምርና የከብት በረት አሁንም አሉ። እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉ እዚህም ከተማና ገጠር በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። ኮዬ ፈጬ የሚለው ስም ዛሬ የሸገር ከተማ አንድ ክፍለ ከተማም መጠሪያ ነው።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ እንጉዳይ ነው። በጾም ወቅት አንድ ወዳጄ ቤት የቀረበልኝ ጥብስ ሥጋ መስሎኝ ስጠይቅ፣ ኮዬ የምትኖር አንዲት እናት በቤቷ ያመረተችው እንጉዳይ መሆኑን ነገሩኝ። በዚህ ደረቅ ነፋስ ውስጥ እርጥብ ጥላ የሚወድ ነገር እንዴት ይበቅላል? ይህንኑ ላይ ሄድኩ።

እኛ ደገኞች እንጉዳይን የምናውቀው “የጅብ ጥላ” ብለን ነው፤ ልጆች እንዳይነኩት እናስፈራራቸዋለን። ማስፈራራቱ ትክክል ነው፤ ከሜዳ የተለቀመ፣ ማንነቱ ያልታወቀ እንጉዳይ ሊገድል ይችላል። በደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚኖረው የማጃንግ ሕዝብ ግን የሚበላውን ከማይበላው ለይቶ ሲመገብ ኖሯል። በቤት የሚመረተውን እንጉዳይ በማስተዋወቅ ረገድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዶ/ር ዳዊት አባተ ስማቸው ይነሳል። በከተማችን በብዛት የሚመረተው “ኦይስተር” የሚባለው፣ እንደ ጆሮ የተዘረጋው ዓይነት ነው። ጾመኛው ይፈልገዋል፤ ሆቴሎችም ይገዙታል። ነገር ግን ከዘጠና በመቶ ገደማ የሚሆነው ክብደቱ ውሃ በመሆኑ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ለገበያው ቀርቦ የሚያመርት ሰው ይጠቀማል።

አምራቿ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። “ግባ ጋሼ፣ ጫማህን አታውልቅ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል” አለችኝ። ሁለት መኝታ ካለው ቤቷ አንደኛውን ለእንጉዳይ ሰጥታ ዓመት ተኩል ሠርታበታለች። እኔ ስደርስ ግን ክፍሉ ባዶ ነበር። መደርደሪያው ተነቅሏል፤ ግድግዳው ከታች እስከ ወገብ ድረስ በጥቁር ነጠብጣብ ተሸፍኗል። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንድትነግረኝ ጠየቅኋት።

ሥራው የሚጀምረው ከጭድ ነው። ጭዱ ወይም የጥጥ ፍሬ ገለባው ይረጥባል፤ ፉርሽካና ትንሽ ኖራ ይገባበታል። በእጅ ጨምቀው ሲይዙት ጠብታ ብቻ እንጂ ውሃ ማፍሰስ የለበትም። ከዚያ በላስቲክ ከረጢት ተሞልቶ በበርሜል በእንፋሎት ይቀቀላል። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ከባሕር ወለል ከ2 ሺሕ ሜትር በላይ በሆነችው ኮዬ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ እንፋሎቱ ለብዙ ሰዓታት ሳይቋረጥ መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ ያልሞተው አረንጓዴ ሻጋታ ከእንጉዳዩ ቀድሞ ከረጢቱን ይወርሳል። እሷ ከሕንፃው ጀርባ፣ በጋራ መገልገያው ግቢ በማገዶ ትቀቅል ነበር።

ጭዱ ሲቀዘቅዝ የእንጉዳይ ዘር ይጨመርበታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀላል ናቸው፤ ከረጢቱ ታስሮ በጨለማ፣ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ሙቀት ተቀምጦ ነጭ ድር ያለብሳል። ጭንቁ የሚመጣው ከረጢቱ ተቀዶ እንጉዳዩ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ የክፍሉ እርጥበት ከ80 እስከ 95 በመቶ መሆን አለበት።

“መጀመሪያ ሙቀትና እርጥበት ሁለት ነገር ይመስሉኝ ነበር” አለችኝ። አይደሉም። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ25 ዲግሪ እስከ 23 ግራም የውሃ ተን ይይዛል፤ በ15 ዲግሪ ግን 13 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀን ላይ ግማሽ ደረቅ የነበረው የክፍሉ አየር፣ አንዲት ጠብታ ሳይጨመርበት፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይጠግባል፤ የተረፈው ውሃ በግድግዳውና በእንጉዳዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የኮዬ ሌሊት ብርቱ ነው። ብሎኬቱም ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል። እንጉዳይ ደግሞ እርጥብ አየር ይወዳል እንጂ ውሃ ሲተኛበት ቢጫ ሆኖ ያዣል።

መላ መፈለጓ ደስ ይላል። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ሰሜን የሚያየውን መኝታ ቤት መረጠች። ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፋ አሸዋ አፈሰሰችበትና አሸዋውን ታርሰዋለች። መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቀለች፤ ደረቁ ነፋስ በጆንያው ሲያልፍ ቀዝቅዞና ረጥቦ ይገባል። የምትረጨው ጠዋትና ቀትር ላይ ነው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ አትረጭም፣ ሌሊቱ ራሱ ያረጥበዋልና። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካኖቿ ሁሌም ሙሉ ናቸው።

መለኪያዋ ሁለት ተራ ቴርሞሜትር ነው። የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልላዋለች። በ20 ዲግሪ አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ዲግሪ ካልበለጠ እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የምታነበው እንጉዳዩን ራሱን ነው። ጠርዙ ከተሰነጠቀ ደርቋል። እግሩ ረዝሞ ባርኔጣው ካነሰ አየር አጥቷል፤ እንጉዳይ እንደ እኛ ኦክስጅን እየሳበ የተቃጠለ አየር ያስወጣልና መስኮት በቀን ሁለት ሦስቴ መከፈት አለበት። የተከፈተው መስኮት ግን ሙቀቱንም እርጥበቱንም ይወስደዋል። “ጋሼ፣ እንደ አራስ ቤት ነበር። ስዘጋ ይታፈናል፣ ስከፍት ይበርደዋል” አለችኝ።

እንዲያም ሆኖ እንጉዳዩ ተሳካላት፤ ለልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰላት። ያልተሳካው ቤቱ ነው። እርጥበቱ በግድግዳው ውስጥ አለፈ። የታችኛው ቤት ጎረቤቷ ኮርኒሳቸው እያላበ መቸገራቸውን ነገሯት። የሰባት ዓመት ልጇ ማታ ማታ መሳል ጀመረ። ሐኪሙ የቤቱን ሁኔታ ሲሰማ፣ ሳሉ ከዚያ የመጣ ነው ብሎ አልደመደመም፤ ግን “እንጉዳዩንና ልጁን ለያዪአቸው” አላት።

ምክሩ መሠረት አለው። ኦይስተር እንጉዳይ ሲጎለምስ በዓይን የማይታይ ብናኝ በብዛት ይለቃል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብናኙን ዘወትር የሚተነፍሱ ሠራተኞችን የሚይዝ የሳንባ ቁጣ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው፤ ምልክቶቹ ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ናቸው። የግድግዳ ሻጋታም በተለይ አስም ላለባቸው አይበጅም። ለእንጉዳይ የሚስማማው 90 በመቶ እርጥበት ለሰው መኝታ አይሆንም፤ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ማስታረቅ አይቻልም።

እሷም ጊዜ አልፈጀችም። ከሕንፃው የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ጭድ ከሚሸጡላት አዛውንት ግቢ አንድ አሮጌ ጭቃ ቤት ተከራየች። ወደዚያ አብረን ሄድን። አዛውንቷን “አዴ” እያለች ትጠራቸዋለች። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ ትንሽ መስኮት፣ ከቆርቆሮው ሥር በሣር የተሞላ ጣሪያ ነው። ስንገባ ውጭው እያቃጠለ ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ጭቃና ጭድ ሙቀቱን ቀስ ብለው ይቀበላሉ፣ ቀስ ብለው ይለቃሉ፤ እርጥበቱንም ሲበዛ ይጠጣሉ፣ ሲጎድል ይመልሳሉ። እዚህ የምትረጨው በፊት ከምትረጨው ግማሹን ያህል እንደሆነ ነገረችኝ። አሁን የምትለቅመው ባርኔጣው ገና ወደ ታች እንደታጠፈ፣ ብናኝ ሳይለቅ ነው። አፍና አፍንጫዋን ሳትሸፍን አትገባም፤ የሥራ ልብሷንም እዚያው ትታ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው።

አዴ በራፉ ላይ ቆመው ነጫጮቹን ዘለላዎች አዩና ሳቁ። “ይሄ ቤት የጥጃ ነበር። አሁን የጅብ ጥላ ያረባል” አሉ። እስካሁን አልቀመሱትም። የበላባቸውን ጭድ ግን ለማሳቸው ማዳበሪያ ይወስዱታል።

በቤታችሁ እንጉዳይ ልታመርቱ ያሰባችሁ ካላችሁ ከእሷ ሁለት ነገር ውሰዱ። ዘሩን ከመግዛታችሁ በፊት ቦታውን ፈልጉ፤ ከመኝታና ከሳሎን የተለየ፣ የራሱ በርና መስኮት ያለው ይሁን። ከዚያ ከረጢት ሳታስገቡ አንድ ሳምንት ሁለቱን ቴርሞሜትሮች ጠዋት፣ ቀትርና ሌሊት እያያችሁ ጻፉ። ክፍሉ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ያኔ ይገባችኋል።

ስመለስ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ልጁ በባዶው ክፍል ግድግዳ ላይ ኳስ እያነጠረ ነበር። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደረቁ የኮዬ ነፋስ እየገባ ግድግዳውን ያደርቃል። ልጁ ከሣምንታት ወዲህ ሌሊቱን ሳይስል ያድራል። እናቱ ሻጋታውን ፍቃ ቀለም ልትቀባው ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዛለች። አልጋው ገና ሳሎን ነው፤ ግድግዳው በደንብ ሳይደርቅ አታስገባውም።